ዘግይተው የሚመጡ ሴቶች

ወንድሜ የካንሰር ተመራማሪ ነው። ሐኪምም ነው ይባላል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት መካኒሳ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን፣ ቡፌው መስታወት ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ፊት ከውጭ አገር የመጡለት ፖስት ካርዶች ተደርድረው ነበር። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «እባክዎ ያሳተሙትን ጽሑፍ ቅጂ ይላኩልን።» እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ግን በየሳምንቱ አውጥታ አቧራቸውን ትጠርጋለች። እንግዳ ሲመጣም «ይኸው፣ ፈረንጅ ሳይቀር ይለምነዋል» ትላለች።

እሱም ቢሆን ዝናውን ለፖስታ ቤት ብቻ የሚተው ሰው አልነበረም። አንድ ጽሑፍ በታተመለት ቁጥር እያባዛ ለጎረቤት፣ ለእድሩ ሊቀመንበር ሳይቀር ያድል ነበር። አንድ ቀን አቦ አጠገብ ካለው ሱቅ የገዛሁትን በርበሬ ስፈታ፣ መጠቅለያው ላይ የወንድሜ ስም ከነማዕረጉ በርበሬ ለብሶ አገኘሁት። «ሥራህ በደንብ እየተሰራጨ ነው» አልኩት ማታ። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

ብስራተ ገብርኤል የምትኖረው አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታክል ነገር ዳሰሰች። በማግስቱ ታክሲ ተሳፍራ እኛ ቤት መጣች። ጎረቤቶቿ ጠበል ሂጂ ብለዋት ነበር። «ቤቴ ውስጥ ሐኪም እያለ?» ብላ መጣች። ወንድሜ ናሙና አስወስዶ አስመረመረላት። ውጤቱ መጥፎ ነበር።

እናቴና እሱ ጓዳ ገብተው ተማከሩ። ይህን የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ተቃርቦ ነበርና እናቴ «አሁን ብትነግራት በድንጋጤ ትሞትብናለች» አለችው። በሽታውን በሦስት መጽሔት ላይ በስሙ ሲጠራ የኖረው ሰው፣ አክስቱ ፊት ሲቆም ስሙን ለወጠው። «እጢ ናት፤ አትጨነቂ፣ ከሰርጉ በኋላ እናስወጣታለን» አላት። ከሰርጉ በኋላ መልስ መጣ፣ ከመልሱ በኋላ ጾም። ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ እሱ ውጭ አገር ጉባኤ ሄደ፤ ስለ ጡት ካንሰር ንግግር ሊያደርግ። እኔ መጓተቱ ሲያናድደኝ «ሌላ ሐኪም ጋ ልውሰድሽ» ብላት «እሱ እያለ? ይቀየመኛል» አለችኝ። በመጨረሻ ቀዶ ጥገና ሲደረግላት ነገሩ ብብቷ ገብቶ ነበር። ያኔም «እጢዋ ወጣች» ተባለች።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ። በግ ታረደ፣ ሰፈሩ ተጠራ። የእድሩ ሊቀመንበር ጠጅ ቢጤ ሞቅ ሲያደርጋቸው ተነሱ።

«ዶክተር፣ ያ ፈረንጁ ሁሉ የሚጠቅሰው ጽሑፍዎ ምን ይላል? እስቲ በአማርኛ ይንገሩን።»

ወንድሜ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሁሉ ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የአገራችን ሴቶች ለምን ዘግይተው ሐኪም ቤት እንደሚመጡ የሚያጠና ነው። ትልቁ ምክንያት አለማወቅ ነው። ሰርግ ይለፍ፣ ጾም ይፈታ እያሉ ይቆያሉ። ሲመጡ ረፍዷል።»

እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የማያውቁ ሴቶች አሳዘኗቸው። እኔ አክስቴን አየሁ። ቡፌው አጠገብ፣ ያበጠ ክንዷን ትራስ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ልጄ፣» አለችው፣ «የእኔ እጢ ይኼ የምትለው ነው?»

ወንድሜ እናቴን አየ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች።

«አክስቴ፣ አንቺ እኮ ጥናቱ ውስጥ የለሽበትም» አላት።

ለዚህች መልስ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

«እንግዲያው አስገባኝ» አለችው። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «በማግስቱ መጥታ ነበር ብለህ ጻፍ።»

አክስቴ ያን ክረምት አልተሻገረችም። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ብዙ ጽፏል፣ ብዙም ተጠቅሷል፤ አሁን ሙሉ ፕሮፌሰር ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ጽሑፎቹን አንድ በአንድ አንብቤአቸዋለሁ። በማግስቱ ስለመጣች ሴት የሚያወራ አላገኘሁም።