የመታ ያመጣል

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ቁልቁል ሲወርዱ ያለችው ሜዳ በአንድ በኩል ከእኔ አጥር፣ በሌላው በኩል ከገደል ጋር ትዋሰናለች። ከገደሉ ሥር ወንዝ አለ። በዚያ በኩል ያለው ጎል መረብ ስለሌለው የሰፈሩ ልጆች አንድ ሕግ አላቸው፤ የመታ ያመጣል። ጎል ሆነም አልሆነም፣ ኳሷን ወንዝ የሰደደ ራሱ ወርዶ ያወጣታል። ሕጉን ያወጡት የዛሬዎቹ ልጆች አባቶች ናቸው፤ የጣሰው ሰው አላየሁም።

የጎረቤቴ የቢቂላ ልጅ ሞቲ በዚህ ሕግ አደገ። ልጁ ቀልጣፋ ነው፣ ወንዝ መውረድ ግን አይወድም። ስለዚህ ኳስ መምታቱን ትቶ ይዞ መግባት ለመደ። ተከላካዩን ያልፋል፣ በረኛውን ያልፋል፣ መስመሩ ላይ ሲደርስ በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ እዚያው ያስቆማታል። እኔም ከአጥሬ ሆኜ አደንቀው ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በአጥቂነት አስፈረመው። በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ሦስት ጎል አገባ፤ ሦስቱንም በረኛ አልፎ። ከዚያ ተከላካዮች ነቁበት። ይህ ልጅ ከሩቅ አይመታም ብለው መንገድ ብቻ ይዘጉበት ጀመር። ስምንት ጨዋታ ያለ ጎል አለፈ። አሠልጣኙ አምላኩ በሚቀጥለው ጨዋታም ካላገባ ለታችኛው ሊግ በውሰት እንደሚሰጠው ነገረው። ልጁ ከሳ።

ጨዋታው ሦስት ቀን ሲቀረው አሠልጣኙ ልጁ ያደገበትን ሜዳ ልየው ብሎ ከሞቲ ጋር መጣ። ጎሉ ዘንድ ሄዶ ቁልቁል ተመለከተና ከአጥሬ ወጥቼ ወደተከተልኳቸው ወደ እኔ ዞረ።

"አባባ፣ እዚህ ኳስ ሲወጣ ማን ነው የሚያመጣው?"

"የመታው ነዋ" አልኩት።

አሠልጣኙ ሞቲን አየው፤ ሞቲ መሬት መሬት አየ።

"እና አንተ ስምንት ጨዋታ ሙሉ ወንዝ መውረድ ፈርተህ ነው?"

ሞቲ ለምን እንደማይመታ እስከዚያች ደቂቃ ራሱም አልጠረጠረም ነበር።

"ስታዲየም ኳስ አምጪ አለ፤ ሥራው ነው" አለው አምላኩ ሳቁን እየታገለ። "አንተ ምታ ብቻ።"

በጨዋታው ቀን ከቢቂላ ጋር ስታዲየም ገባን። በሃያኛው ደቂቃ ሞቲ ከሩቅ መታ። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄዳ ተመልካች መሃል ወደቀች። እሱም ሊያመጣ ሮጠ። የማስታወቂያውን ሰሌዳ ሊዘል እግሩን ሲያነሣ ተመልካቹ በሳቅ ሞተ። አምላኩ ከመስመሩ ሆኖ ተመለስ ይለዋል። ቢቂላ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ።

ሁለተኛውንም፣ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ የቡድን ጓደኛው እየጠራው፣ ወደ ውጭ ሰደደው፤ አሁን ግን አንድ እርምጃ ብቻ ሄዶ ቆመ። በሰባኛው ደቂቃ ኳስ ከቀኝ መጣለት። ሁለት ተከላካዮች እንደ ልማዳቸው መንገድ ዘግተው ጠበቁት። እሱ ከቆመበት መታት። በረኛው እጁን ሳያነሣ መረቡ ተወጠረ።

ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ፤ ውሰቱም ቀረ። ሞቲ ይህንኑ ሊያበስር ወደ አባቱ ሲመጣ ቢቂላ ኮስተር ብሎ እጁን ጨበጠው።

"ሦስተኛው ጥሩ ነው" አለው። "ሁለተኛውን ግን ለዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ለቆመው ልጅ ማቀበል ነበረብህ።"