ቱቦው ላይ የቀረው

ላቦራቶሪው ውስጥ ሁሉም «ጠብታ» ይላታል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራ አንዲት ጠብታ አፍስሳ ስለማታውቅ የወጣላት ስም ነው፤ ደስ ይላት ነበር እንጂ ተቀይማ አታውቅም። ሥራዋ ከሰው ወገብ በመርፌ የተቀዳውን፣ እንደ ውሃ ኩልል ያለውን የአከርካሪ ፈሳሽ ማስ ስፔክትሮሜትር ለሚባለው ማሽን ማቅረብ ነው። ማሽኑ በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች በክብደታቸው ይለያል፣ ይቆጥራል። አንደኛው ፕሮቲን ከልኩ ካነሰ የፈሳሹን ባለቤት የመርሳት በሽታ ጀምሮታል ማለት ነው። ጠብታ ቁጥሩን ጽፋ ትፈርማለች፤ የቀረው የሐኪሙ ፋንታ ነው። ሰዎቹን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም፣ ይህንንም እንደ እፎይታ ትቆጥረው ነበር።

አንድ ቀን ለአዲስ ሠራተኞች ቱቦዎቹን እያሳየች ነበር።

«ይኼኛውን እንዳትነኩት» አለቻቸው። «ፕሮቲኑ የቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራል። ጤነኛውን ሰውዬ በሽተኛ ታደርጉታላችሁ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ቱቦውን መልሳ አስቀመጠችው። ከሁለት ዓመት በፊት ደህናዎቹ ቱቦዎች ያለቁበት አንድ ሐሙስ ትዝ አላት። «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል» ብላ ከታችኛው መደርደሪያ ያነሳችው ይኼንኑ ነበር። መዝገቡን ገለጠች። በገዛ እጅ ጽሑፏ ተጽፏል፤ በዚያ ቱቦ ያለፈው የአንድ ሰው ናሙና ብቻ ነው። ከዚያው ፈሳሽ፣ ከሆስፒታል በመጣበት ደህና ቱቦ ውስጥ የቀረ ትራፊ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተገኘ። ሦስት ጊዜ ለካችው። ሦስቴም ፕሮቲኑ ሙሉ ነው።

«ደብዳቤ እንጽፍለታለን» አላት የክፍሉ ኃላፊ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ይረሳል ብለን የፈረድንበት ሰው እኮ ነው! ደብዳቤውን አንብቦ ያምነናል ብለህ ነው?»

አድራሻውን ተቀብላው ወጣች። ለመሄድ ግን ሳምንት ፈጀባት። በእነዚያ ቀናት ውሃ በጠጣች ቁጥር ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የቀረውን ታያለች። እቤቷ ሆና ሳይቀር የማሽኑ ድምፅ ይሰማታል፤ አንድ ሰው በግድግዳ በኩል ቁጥር የሚቆጥር ይመስላታል። ፈራች።

በሩን የከፈቱላት ሽማግሌ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ነበር። ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ቤቱ በሙሉ በወረቀት ተለጥፏል፤ ምድጃው ላይ «አጥፋው»፣ በሩ ላይ «ቁልፍ ይዘሃል?»፣ ቧንቧው ላይ «ዝጋው»። ሁሉም የአንድ ሰው ጽሑፍ ነው፣ ክብ ክብ ያለ የሴት የእጅ ጽሑፍ።

ጠብታ ቁጭ ሳትል ተናገረች። «ጋሼ፣ የመጣሁት ከላቦራቶሪው ነው። የመርሳት በሽታው የለብዎትም። ኖሮብዎትም አያውቅም። የማይሆን ቱቦ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ቱቦ?» አሉ። «በቱቦ ነው ሱቄን የዘጋሁት? መፍቻዎቼን ሳይቀር አከፋፍያለሁ እኮ፣ ልጄ።»

ለስድብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ቢሰድቧት በወደደች። እሳቸው ግን ወደ ግድግዳው ዞሩ። እዚያ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፣ ከሥሩም በዚያው ክብ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት አለ።

«ይህች ሚስትህ ናት። ሞታለች። የት ሄደች እያልክ ልጆቹን አትጠይቃቸው፣ ያለቅሳሉ።»

«ራሷ ናት የጻፈችው» አሉ። «ሆስፒታል ተኝታ። እሷ እየሞተች የምታስበው የኔን መርሳት ነበር። ይኸው ዓመት ሆናት።»

የጠብታ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«በየጠዋቱ አነበዋለሁ። ዛሬስ ሞቷ አዲስ ይሆንብኝ ይሆን እላለሁ። አንድም ቀን አዲስ ሆኖብኝ አያውቅም። ሲብስብኝ፣ ‹አይዞህ፣ ሐኪሙ ነግሮሃል፣ ትረሳታለህ› እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።» ወደ ፎቶግራፉ ቀና አሉ። «እንግዲህ አልረሳትም ማለት ነው?»

ጠብታ ዕድሜዋን ሙሉ ቁጥር ጽፋ ከመፈረም በቀር ውጤት ለሰው ነግራ አታውቅም።

«አይረሷትም፣ ጋሼ» አለች።

ሽማግሌው በእጃቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።