የገጽ ሰባት እድፍ

ጋዜጣው ስምንት ገጽ ነበረው። ስምንተኛው የኳስ፣ ሰባተኛው የሴቶች። ወንዶቹ ጋዜጠኞች ከኳሱ ጀምረው ወደፊት ሲገልጡ ሰባተኛውን እንደ ጭቃ ዘለው ነበር የሚያልፉት። ገጹን አሥራ አንድ ዓመት ያዘጋጀችውን ሴት «የጓዳዋ ሚኒስትር» ይሏታል። እሷም ስሙን አልጠላችውም።

«ሚኒስትር ይሻራል፤ ጓዳን ግን ማን ይሽራል?» ትላቸው ነበር።

ቢሮዋ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለች፣ ቀድሞ የወረቀት መጋዘን የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ማተሚያው ሲነሳ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳውን ተደግፈው የጫማ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ በላያቸው «ባል»፣ «አማት»፣ «ጡት ማጥባት»፣ «እድፍ» ተብሎ ተጽፏል። የአንባቢ ደብዳቤ ሁሉ በየወገኑ እዚያ ይገባል። ፈላስፋ በወፍራም መጽሐፍ ሊለየው የሚደክምበትን የሰው ጭንቀት እሷ በካርቶን ለይታው ተቀምጣለች።

በዚያ ዓመት የ«እድፍ» ካርቶን ከሌሎቹ ቀድሞ ሞላ። ነጭ ልብሳችን ሲታጠብ ቡናማ ይሆናል፣ ምን ይሻላል የሚሉ ደብዳቤዎች ናቸው። ሴትዮዋ ብዙም ሳታስብ «በበረኪና ዘፍዝፉት» ብላ በገጿ መለሰች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደብዳቤ መጣ፦

«እትዬ፣ ምክርሽን ሰምቼ የልጄን የሽንት ጨርቅ በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ጭራሽ የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። ባትመክሪኝ ይሻለኝ ነበር። የልጄም ሆድ ከተቃወሰ ወር ሆነው።»

አፈረች። እፍረት ግን ሁልጊዜ አንገት አያስደፋም፤ አንዳንዴ ዓይን ይገልጣል። ካርቶኑን ወለል ላይ ገልብጣ፣ ተንበርክካ፣ አድራሻዎቹን ማንበብ ጀመረች። ከሃያ ሦስቱ ደብዳቤዎች ሃያ አንዱ የተላኩት ከአንድ ሰፈር፣ ቁልቁለቱ ከሚባለው ነው።

በማግስቱ ወረደች። በየደጁ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ሁሉ አንድ ቀለም ነው። ደብዳቤውን የጻፈችው ወጣት እናት ከቦኖው በሳፋ ውሃ ቀዳችላት፤ ኩልል ያለ ነው።

«አሁን እንዲህ ያማረ ይመስልሻል፤ እስቲ ጠብቂው» አለች እናቲቱ። ጠበቁት። ቀኑ ሳይጋመስ ውሃው ቀጭን ሻይ መሰለ። ከዚያ ቧንቧው የሚያልፍበትን አሳየቻት፤ ከመጸዳጃ ቦዩ ጎን ለጎን ነው፣ ዝገት በልቶታል፣ በአንድ ቦታ በጨርቅ ታስሯል። በየቤቱ ሆዱ የታመመ ልጅ አለ።

ዋና አዘጋጁ ሲሰማ አገጩን አሸት አሸት አደረገና «ይሄማ ቁም ነገር ነው» አለ። ቁም ነገር ስለሆነም ወሰደባትና ለከተማ ጉዳይ ዘጋቢው ሰጠው። ዘጋቢው ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ከሰው ፊት የማይጠፋ ጎልማሳ ነው። ውሃ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ሥራ አስኪያጁ በብርጭቆ ቀድቶ አጠጣው። በማግስቱ አንደኛው ገጽ ላይ «የከተማው ውሃ ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ» የሚል ወጣ።

«ማን አረጋገጠው?» አለችው ኮሪደር ላይ አስቁማ።

«ጠጣሁት እኮ! ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ።»

«ቁልቁለቱ ሰፈር ወርደሃል?»

«እንግዲህ አንቺም፣ በሽንት ጨርቅ ዜና አይሠራም!»

ትታው ወደ ክፍሏ ገባች። የራሷ ገጽ አላት። ዋና አዘጋጁ ገጽ ሰባትን የሚፈርመው ርእሱን ብቻ አይቶ እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዝቅ ብሎ አላነበበም። ንቀት ለናቂው በር መዝጊያ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቁልፉን ለተናቀው ጥሎለት ይሄዳል። «ነጭ ልብስ ላይ ያለ ቡናማ እድፍ በምን ይለቃል?» የሚል ርእስ ለጽሑፏ ሰጥታ አመጣችለት። ፈረመ።

መልሱ ከሥሩ ነበር፦ «በምንም አይለቅም። በረኪና ብዬ ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። እድፉ ከእጃችሁ አይደለም፣ ከውሃው ዝገት ነው፤ በረኪና ደግሞ ያብሰዋል።» ቀጥሎ የሃያ አንዱ እናቶች ቃል፣ አንድም ሳይቀር።

ጋዜጣው በወጣ በሰዓቱ ስልኩ ጮኸ። ዋና አዘጋጁ አስጠራት፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«በገዛ ፊርማዬ አዋረድሽኝ! ሥራ አስኪያጁ ክስ ይላል። ለሚቀጥለው እትም ማስተባበያ ትጽፊያለሽ። አለበለዚያ ገጽ ሰባት ማስታወቂያ ይሆናል፤ አንቺም ቤትሽ።»

ሴትዮዋ ወንበሩን ስባ፣ ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«እጽፋለሁ» አለች።

«ትጽፊያለሽ?»

«አንድ ነገር ብቻ። ሥራ አስኪያጁ ቅዳሜ ነጭ ሸሚዛቸውን ይዘው ቦኖው ድረስ ይምጡ። እናጥበዋለን። ከነጣ በገዛ እጄ አስተባብዬ፣ ካርቶኖቼን ተሸክሜ እወጣለሁ።»

ዋና አዘጋጁ ሊስቅ ከጀለ፤ ዓይኗን ሲያይ ተወው። ደወለና ነገረው። ሥራ አስኪያጁም «እንዴታ!» አለ።

ቅዳሜ ሴቶቹ ሳፋቸውን ይዘው ቦኖውን ከበቡት። ሥራ አስኪያጁ አልመጣም። የመጣው ዘጋቢው ነው፤ በእጁ ማስታወሻ ደብተር፣ በገላው ነጭ ሸሚዝ።

«ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ገብተዋል። እኔ ልታዘብ ነው የመጣሁት» አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያንተስ ሸሚዝ ነጭ አይደለም?» አለች ወጣቷ እናት።

«የኔ? ኧረ በሕግ!»

«ንጹሕ ነው ብለህ የጻፍክ አንተ! አውልቀው!»

«ይተወው፣ እናቱ ትቆጣዋለች» አለች አንዲት አሮጊት። ሳቁ ቁልቁለቱን ሞላው።

ዘጋቢው ወደ ጓዳዋ ሚኒስትር ዞረ፣ ታድነኝ ይሆናል ብሎ። እሷ እጇን ዘረጋችለት፣ ሸሚዙን ለመቀበል። ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ አወለቀ።

በሳሙና ታጠበ፣ እሱ ራሱ ከሱቅ ገዝቶ ባመጣው በረኪና ተዘፈዘፈ፣ ሦስቴ ተለቀለቀ፣ ገመድ ላይ ወጣ። ዘጋቢው በካናቴራ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። በጠበቀበት ሰዓት ሴቶቹ አዋሩት፤ እነሱን ሲያዳምጥ የመጀመሪያ ጊዜው ነበርና ብዙ ሰማ። ሸሚዙ ሲደርቅ አንገቱና ክንዱ እንደ አሮጌ ምስማር ቡናማ ሆኗል። ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄደና የታሰረውን ጨርቅ ጎንበስ ብሎ አየ።

ዋና አዘጋጁ ዘንድ አብረው ገቡ። እሷ ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አዘጋጁ የሸሚዙን አንገት በጣቱ ፈተገው።

«አንደኛ ገጽ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬውኑ። አንተ ጻፈው።»

ዘጋቢው ራሱን ነቀነቀ። «የኔ አይደለም፣ አለቃ። የሷ ነው።»

«እንግዲያው አንቺ ጻፊው። አንደኛ ገጽ እሰጥሻለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሽው አይደል?»

«አልጠበቅኩትም» አለች። «ሴቶቹ የነገሩኝ ገጽ ሰባት ብለው ነው፤ የሚወጣውም እዚያው ነው። ማስተባበያ የሚያስፈልገው የእርስዎ አንደኛ ገጽ ነው። እሱን ይጻፉና ከታች ‹ዝርዝሩን ገጽ ሰባት ይመልከቱ› ይበሉ።»

«ሰው ገጽ ሰባትን አያነብም እኮ!»

«ይልመደው» አለችና ልትጽፍ ወጣች።