የሰልባጅ ዳኛዋ

ኤቢሴ ከፋብሪካ ስትወጣ ሁልጊዜ ቡራዩ ገበያ ሰልባጅ የምትሸጠውን ሴትዮ ታያታለች። ስሟን አታውቅም፤ ምላሷን ግን የማያውቅ የለም። ሴትዮዋ ቦንዳ በፈታች ቁጥር፣ ፈረንጅ ልብሱን የሰፋው እሷን አስፈቅዶ ይመስል፣ ትፈርዳለች። የአምናዎቹን ካፖርቶች እስከ ዛሬ ስታመሰግን ትውላለች። የዘንድሮዎቹ ባለአበባ ቀሚሶች ግን አናደዋታል፤ «መጋረጃቸውን ነው የላኩልን!» ትላለች። ራሷ ክረምት ከበጋ የምትለብሰው አንድ የወንድ ኮት ነው፤ እጅጌው ሁለቴ ታጥፏል። የማን እንደሆነ ሲጠይቋት «እሱ አይሸጥም» ብላ ወሬውን ትዘጋለች።

የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወመው ሰልፍ ላይ አስለቃሽ ጭስ የተተኮሰ ቀን፣ ኤቢሴ ከሰልፈኞቹ መሃል እየሮጠች ከሴትዮዋ ሸራ ሥር ገባች። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ ገረመመቻት።

«ውይ ልጄ! በዚህ ሹራብ ነው የወጣሽው?»

ቀዩን ሹራብ ከላይዋ ገፍፋ ክምሩ ውስጥ ወሸቀችው። ያን የማይሸጠውን ኮት አውልቃ አለበሰቻት።

ወዲያው ሁለት ፖሊሶች እያለከለኩ ደረሱ። አንደኛው «ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ አላየሽም?» አላት።

ሴትዮዋ ባለአበባ ቀሚስ ያየች ይመስል ፊቷን አጨማደደች።

«ኧረ ኦቦ! ዘንድሮ ደግሞ ማን ቀይ ይለብሳል?»