አጋሮ ላይ ያልተፈረመው ወረቀት

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የደህንነት ፍተሻ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የምጀምረው ከወረቀቱ ነው። በፍተሻ ጊዜ የምንሠራው ሌባ የሚሠራውን ነው፤ የሰው ሲስተም ሰብረን እንገባለን። ከሌባ የሚለየን ባለቤቱ አስቀድሞ የፈረመልን ስምምነት ብቻ ነው። የትኞቹ ኮምፒውተሮች ይነካሉ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የፈቀደውስ ሰው የመፍቀድ ሥልጣን አለው ወይ፣ ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል።

ባለፈው ዓመት አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ሲስተማቸውን እንዲፈትሽላቸው አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬን ጠየቁት። ስምምነቱን እኔ አዘጋጀሁለት፤ አራት ገጽ። አብረን ሄድን። ነጋዴው፣ ሁሉም ሀጂ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ መጋዘናቸው በር ላይ ተቀበሉን። ወረቀቱን ሳይገልጡ መለሱልኝ።

«አስተማሪ፣ እኔ ስንት መኪና ቡና በቃሌ ሸጫለሁ። ፈትሹ አልኩ፤ ወላሂ፣ አይበቃም?»

መዳፋቸውን ዘረጉ። እዚያ ቡና የሚሸጠው መዳፍ ለመዳፍ ተማትቶ ነው። እጅ ከተዘረጋ በኋላ ፊርማ መጠየቅ ሽማግሌውን ውሸታም ማለት ነው። ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና «እርስዎ ካሉ ይበቃል» አልኩ። እሱም እጃቸውን መታ።

በሁለተኛው ቀን ጓደኛዬ ሳያውቅ የሀጂ ወንድም ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ወንድማማቾቹ መጋዘኑንና የኢንተርኔት መስመሩን ቢጋሩም ንግዳቸው ለየብቻ ነበር። የስምምነቱ ሁለተኛ ገጽ የሚጠይቀው ይህንኑ፣ የትኛው ኮምፒውተር የማን እንደሆነ ነበር። ወንድምየው ከሰሰ። ሀጂም ለፖሊስ አልዋሹም፤ የራሴን ፈትሹ አልኩ እንጂ የሱን እንዴት እፈቅዳለሁ አሉ። እውነታቸውን ነው።

ጓደኛዬ ሲታሰር፣ ያስፈታዋል ብዬ ወረቀቱን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው አራቱንም ገጽ ቀስ ብሎ አነበበ። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

«ፈቃድ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ታውቁ ነበር ማለት ነው?»

«እናውቅ ነበር።»

ወረቀቱን አልመለሰልኝም፤ ከመዝገቡ ጋር አያያዘው።

እኔ ኮምፒውተሩን ስላልነካሁ አልተከሰስኩም። የጓደኛዬ ጠበቃ ለቤተሰቡ ምንም ተስፋ አልሰጣቸውም። እናቱ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን አይመልሱም። አሁን ዐቃቤ ሕግ ምስክር አድርጎ ጠርቶኛል። ለፍርድ ቤቱ እንዳስረዳ የሚፈለገው፣ ስምምነት ለምን እንደሚፈረም ነው። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የማስረዳው ነገር ነው። ማንም እንዳይስተው አድርጌ ማስረዳት እችላለሁ።