የቧንቧው ሚስት

ዘርፉን የሰፈሩ ሴቶች «የቧንቧው ሚስት» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት አጥር የምትጋራት ሶፊ ናት። ዘርፉም ለምዳዋለች፤ ምን ታድርግ።

በበጋ አዳማ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ግን ቀኑን አያውቅም። ዘርፉ ቧንቧውን ክፍት ትተወውና ከሥሩ የወተት ጣሳ ትደፋለች። ውሃው ሲመጣ ጣሳውን ይደበድበዋል፣ እሷም ትሮጣለች። እስከዚያው አትክልት ያጠበው ውሃ ሰሃን ያጥባል፣ ሰሃን ያጠበው ወለል ይወለወልበታል፣ የተረፈው ሽንት ቤት ይደፋል። ባሏ ጆቴ ባጃጁን ይዞ በጠዋት ይወጣል። አማቷ አዴ ጉዲቱ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ጄሪካን አያነሱም። እና ማን ይጠብቅ?

ጥር ላይ እህቷ ጂቱ ዓለም ጤና ከተማ ወለደች። ዘርፉ ለሕፃኑ ቢጫ የክር ኮፍያ ሠራች።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አለች ጂቱ በስልክ።

«ውሃ ሲመጣ።»

ውሃው መጣ፣ በርሜሉ ሞላ፣ ልብስ ታጠበ፣ በርሜሉ ጎደለ። ፋሲካም በዚሁ አለፈ። «ብቻ ዝናቡ ይግባ» ትል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ሀብታም ሆነ። አሸንዳው በርሜሉን አስገሳው። በጋውን ሙሉ ሳይታጠብ የከረመው ብርድ ልብስ ታጠበ። ልጇ ሀሴት ገላዋን ስትታጠብ የሚቆጣት ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ዘርፉ ኮፍያውን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

«ባልሽን ፈታሽው?» አለች ሶፊ ከአጥሩ ማዶ።

«ፈታሁት! ሰማንያ የለን፣ ምን የለን።»

መናኸሪያ ደርሳ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው በተራራው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ቤታቸው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ አምና ጎርፍ ገብቶ ዱቄታቸውን ጭቃ አድርጎት ነበር። ጆቴ ጋ ደወለች፤ አያነሳም። አማቷ ጋ ደወለች።

«አዴ፣ እዚያ ዘነበ እንዴ?»

«እየዘነበ ነው። አንቺ ሂጂ፣ ለእኔ አታስቢ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ያ አሸዋ ያለበት ጆንያ ግን የት ነው ያስቀመጥሽው?»

ዘርፉ ተነሳች።

«ሳንንቀሳቀስ ወራጅ?» አለ ረዳቱ።

ስትደርስ ጎርፉ ደፉን ይልስ ነበር። ጆንያውን በሩ ላይ ደረደረች፣ ዱቄቱን አልጋ ላይ አወጣች፣ የገባውን በሰሃን እየቀዳች ደፋች። በጋ የሚመጣውን ጠብቂ፣ ክረምት የሚገባውን ጠብቂ። ሁለቱም ቤት ያውላል።

በማግስቱ ጂቱ ደወለች።

«ልጁ እኮ ቁጭ ማለት ጀመረ።»

«ጭንቅላቱስ አደገ?»

«አያድግም እንዴ!»

ዘርፉ ኮፍያውን በጡጫዋ ላይ አጥልቃ አየችው። ከጡጫዋ ብዙም አይበልጥም። የክሩን ጫፍ ፈልጋ ተረተረችው። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይሄዳል፣ ፈረቃው ይመለሳል። እንደገና ስትጀምረው በጣም ሰፋ አደረገችው።