ሰንበት ያላከበረችው ጀልባ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከአይሁድ ፋሲካ ከፔሳህ በኋላ በነበረ አንድ ዓርብ ነው። ባለቤቴ ፈንታሁን ሰንበት ሻረ ብሎ ሰው ሊገሥጽ አፉን በከፈተ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ደግነቱ አሁን ብዙ አይከፍትም።

ፈንታሁን ጡረታ ከወጣ ወዲህ እስራኤል አገር አፉላ ኢሊት ያለው ቤታችን በረንዳ የመርከብ ፋብሪካ ሆኗል። ክንድ የምታህል የእንጨት ጀልባ ሠርቶ ሞተር ብቻ ቀረው። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ወዳለ ሱቅ አብረን ወረድን። እሱ ዓይኑ ያረፈው በፈጣኑ ሞተር ላይ ነው። ሻጩ ግን፣ "ጀልባህ ከባድ ናት፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ጉልበተኛ ይሻላታል። ባትሪም ቶሎ አይጨርስም" አለው። ፈንታሁን አኮረፈ፤ እኔ ቀርፋፋውን አንስቼ ገዛሁ።

ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ፣ ሰንበታችን ሻባት ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ "ፓርኩ ኩሬ ላይ አንዴ ልሞክራት" አለ።

"ለእሑድ አይደርስም?"

"ሬጋ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።"

አስነሥቶ ለቀቃት። መሪዋ ተጣሞ ኖሮ መሀል ስትደርስ በቦታዋ መዞር ጀመረች። እጃችን አይደርስባት፣ ኩሬው ጥልቅ ነው። የሻባት ሻማዬንም ገና አላበራሁም። "ባትሪዋ ያልቃል" ብዬ ጎትቼ ወሰድኩት።

ከምኩራብ ጸሎት በኋላ ጉባኤው ሁሉ በፓርኩ በኩል ወደየቤቱ ሲሄድ ፈንታሁን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "በሌላ መንገድ እንሂድ" አለኝ። ተንኮሌ ተነሣና "እዚህ ነፋሱ ደስ ይላል" ብዬ ፊት ፊት ሄድኩ።

ጀልባዋ ቀይ መብራቷን አብርታ ትዞራለች። ሰው ሁሉ ቆመ።

"በሻባት! የማን ናት?" አለች ጎረቤታችን ያለምነሽ። በሻባት በሚጮኸው ስልኳ ምክንያት ፈንታሁን ስንቴ ገሥጿታል።

ፈንታሁን ዝም ማለት ይችል ነበር። "የኔ ናት" አለ። "ሻባት ሳይገባ ነው ያስነሣኋት። አሁን ላቁማት ብል ደግሞ ሻባት ልሽር ነው።"

ወደ ይሁዲነት የገባንበትን የጊዩር ትምህርት አብረውን የተማሩት፣ ስንቴ ወድቀን ስንቴ እንደተፈተንን የሚያውቁት አባ ተገኘ ከዘራቸውን ተደግፈው ጀልባዋን አዩዋት።

"ተዋት ልጄ" አሉ። "እሷ ገና ጊዩሯን አልጨረሰችም።"

ሳቁ ኩሬውን ሞላው። ከሁሉም በላይ የሳቀው ፈንታሁን ነበር፣ እንባው እስኪወርድ።

"የኔ ናት" በማለቱ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ። አሁን በሻባት የያለምነሽ ስልክ ሲጮህ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ባትሪ ቶሎ የማይጨርሰውን ሞተር የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ምርጫዬንም ወድጄዋለሁ።